የሞተ ሰው የለም

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 2004፣ ሸዋ ሮቢት

መጣ! ሚዩቱ መጣ! የሚኒባሱ ረዳት በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ የተላከልኝን አቀበለኝ። «የመኪና ዕቃ ነው?» አለኝ። ለማስረዳት ትዕግሥት አልነበረኝም፤ አዎ ብዬው ወደ ቤት ሮጥኩ።

ናሆምን እግዜር ይስጠው። አዲስ አበባ ሙዚቃ ስንማር እርሳስ እንኳ አበድሮኝ የማያውቅ ልጅ፣ ዛሬ የራሱን ሚዩት ላከልኝ። ትራምፔቱ አፍ ላይ የሚወተፍ ውታፍ ነው፤ ውስጡ ማይክ አለ፤ ከማይኩ ቀጭን ሽቦ ወደ ትንሽ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ኢርፎን ወደ ጆሮዬ። እኔ እሰማለሁ፣ ሰፈሩ አይሰማም።

ሰፈሩ መስማት የለበትም። የሆነውን ልጻፈውና ይውጣልኝ። ናሆም አዲስ አበባ አንድ ኦርኬስትራ ተጫዋች ለመቅጠር ሊፈትን መሆኑን ነግሮኝ እሱ ዘንድ የቀረውን ትራምፔቴን የላከልኝ ቀን፣ በደስታ ግቢው መሐል ቆሜ አንድ ረጅም ድምፅ ነፋሁ። እዚህ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው፤ የዕድሩ ለፋፊ እየዞረ ያረዳል። አፍታ ሳይቆይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች በሩን ሞሉት። አከራዬ እትዬ ሙሉ ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ደረታቸውን ይዘዋል። አንድ ልጃቸው ተስፋዬ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር የእሱ ስም የሚጠራ ይመስላቸዋል። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እባክሽ» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አልነፋሁም። ፈተናው የፊታችን ሰኞ ነው። ካላለፍኩ ለስድስተኛ ክፍል ሥነ ውበት ሳስተምር፣ ትራምፔት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልኩ ልኖር ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ይሠራል! ኢርፎኑ ውስጥ አዳራሽ ያለ ይመስላል። ውጭ የሚሰማው እዝዝታ ብቻ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ። በሩን ከፍቼ መንፋት ቻልኩ፤ በግንቦት ይህን ቆርቆሮ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ራስን መቀቀል ነው። ላቤ ጣቶቼን እያንሸራተተብኝም ቢሆን ደስ ብሎኛል።

ገና ልሠራባቸው የሚገቡ ነገሮች፦ ከንፈር (ደክሟል)። ከፍተኛዎቹ ኖታዎች (ይሰነጠቃሉ)። የፈተናው ሙዚቃ ሁለተኛ ገጽ መጨረሻ (አይነሣ)።

እትዬ ሙሉ በበሩ አለፉ፣ ተመለሱ፣ ቆሙ። ጉንጬ ተነፍቷል፣ ፊቴ ቀልቷል፣ ድምፅ የለም። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ምን ነካብኝ ይቺን ልጅ?» አሉ። ኢርፎኑን ጆሯቸው ላይ ላደርግላቸው ስል ኮረንቲ ይይዘኛል ብለው እምቢ አሉ። በኋላ ግን «በይ እስቲ» ብለው ሻሻቸውን ገለጥ አደረጉ። ቀስ ብዬ ነፋሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ይሄ ነው እንዴ ያ ያስደነገጠኝ?» አሉኝ።

ይሄ ነው አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

መብራት የለም። ቬንትሌተሩ ሞተ፤ ሳጥኗ በባትሪ ድንጋይ ስለምትሠራ እኛ ግን ቀጥለናል። «እኛ» ያልኩት እትዬ ሙሉ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ስለተቀመጡ ነው። አንዱን ጆሮ እሳቸው፣ አንዱን እኔ። እናቴም እንዲህ አጠገቤ ተቀምጣ ሰምታኝ አታውቅም።

ማታ ናሆም ደውሎ ደስታዬን አጨለመው። «በሚዩት ብቻ እየነፋሽ ነው? አበድሽ? ትንፋሽሽን መልሶ ይገፋዋል እኮ፣ ከንፈርሽ እሱን ይለምዳል። ፈተና ላይ ስታወጪው ድምፅሽ ይበተናል። ከመምጣትሽ በፊት የግድ ክፍቱን ንፊ።»

የት?

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ከትምህርት ቤት ስወጣ በባጃጅ ሮቢ ወንዝ ወረድኩ። ማንጎ ዛፎች ሥር ሰው አልነበረም፤ ወይም የሌለ መሰለኝ። ሦስት ድምፅ ሳልጨርስ ከሽንኩርት ማሳው ውስጥ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፣ ዶማቸውን እንደያዙ። አንድ ሽማግሌ ጥምጥማቸውን አውርደው «ማን ነው? የማን ቤት ነው?» አሉኝ። አንዲት ሴት ጭራሽ ማልቀስ ጀምራለች፤ የታመመች እህት አለቻት። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ሙዚቃ ነው፣ ማንም አልሞተም እያልኩ ትራምፔቱን ጠቀለልኩ።

ቤት ስገባ እንባዬ መጣ። እትዬ ሙሉ ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሰው ሰፈር የሰው ነው፣ በማሳው ሰዎች አልፈርድም። ግን ፈተናው ቀረ በቃ ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ጠዋት በጥሩምባ ድምፅ ነቃሁ። ተስፋዬ! ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እትዬ ሙሉ ግን የግቢው በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፣ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም። መንገዱ ላይ የዕድሩ ለፋፊ ጋሼ አሊ ጥሩምባቸውን ከአፋቸው አውርደው ይጮኻሉ፦

«የሞተ ሰው የለም! አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው! ነገ ከሰዓት ከእትዬ ሙሉ ግቢ ጥሩምባ ብትሰሙ መምህርቷ ናት! ለፈተና ነው! እንዳትደነግጡ፣ ነጠላም እንዳታዘቀዝቁ!»

አንዲት እናት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሆነው «የሞተ ከሌለ ታዲያ ምን ብለህ ነፋህ? ልትገድለን ነው?» አሉ።

«ካልነፋሁማ ማን ሊሰማኝ!» አሉ ጋሼ አሊ። ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ፣ «ወላሂ ይህን ጥሩምባ ከያዝኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ወሬ ይዤ ዞሬ አላውቅም» አሉኝ። ሽንኩርት ማሳዎቹ ድረስ ሊወርዱ ነው።

ለካ እትዬ ሙሉ ትናንት እኔ ከተኛሁ በኋላ ጋሼ አሊ ቤት ሄደው ኖሯል። እኔ እንኳ ልለምን የማልደፍረውን እሳቸው ለመኑልኝ። ጥሩምባ የሚፈሩት እሳቸው! እጃቸውን ልስም ስል መነጨቁኝ፤ «ሂጂ ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ነፋሁ። ክፍቱን፣ በሙሉ ሳንባዬ።

ከመጀመሬ በፊት እትዬ ሙሉ ለተስፋዬ ደወሉ። ሚሌ ነው፣ ጎማ እያስቀየረ። «ደህና ነህ? እስቲ ድምፅህን አሰማኝ። በል አትዝጋው፣ ዝም ብለህ ያዘው» አሉትና ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ስትወጣ ትከሻቸው ተሰበቀ፤ አየሁት። ላቆም ነበር። በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ።

ናሆም እውነቱን ነው፣ መጀመሪያ ድምፄ ተበትኖብኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰበሰብኩት። የሁለተኛው ገጽ መጨረሻም በስተመጨረሻ ተነሣ! አጥሩ ላይ ሰው ተደርድሯል፤ ጋሼ አሊ ፊት ለፊት፣ ባለሙያ ናቸውና እየተቹ። «ትንፋሽሽ ረጅም ነው፣ ማሻአላህ» አሉ። ተስፋዬ ከሚሌ «ድገሚው በያት» ብሎ አዘዘ። ደገምኩት። እትዬ ሙሉ ሁለተኛው ላይ ትከሻቸው አልተነሣም።

ተመስገን። እንዲህ ያለ ቸርነት ምን ሠርቼ እንደተደረገልኝ አላውቅም።

ሰኞ፣ ግንቦት 13፣ አዲስ አበባ

ከንፈሬ አልከዳኝም። ከፈታኞቹ ትልቁ ሰውዬ «የት ነው ስትለማመጂ የከረምሽው?» አሉኝ። ሸዋ ሮቢት ስላቸው «ጥሩ አዳራሽ ቢኖራችሁ ነው» አሉ። ሳቄን ዋጥኩት።

ኮሪደር ላይ ጠበቅን። ስሜን ጠሩ። አለፍኩ። ሐምሌ፣ ትምህርት ሲዘጋ እጀምራለሁ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለእትዬ ሙሉ ነው። «ሃሎ» ሲሉ ልቅሶ አነቀኝ፤ ቃል አልወጣ አለኝ። «ምነው? ማን ምን ሆነ? ተናገሪ እንጂ!» አሉ። ድምፃቸው ሲጠፋ ታወቀኝና ወሬዬን ትቼ «ሁሉም ደህና ነው እትዬ፣ ማንም ምንም አልሆነም!» ብዬ ጮህኩ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ሰማሁት። ከዚያ «አለፍኩ» አልኳቸው።

እልልታቸው ስልኩን ከጆሮዬ አስነሣኝ። ጎረቤት ሴቶችም ተቀበሏቸው። ሲያባራ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«እንግዲህ እግዜር ሁለት መንገደኛ ልጅ ሰጠኝ» አሉኝ። «አንቺም እንደሱ፣ በደረስሽበት ሁሉ ደውይ።»

እደውላለሁ።