ዋናው መንገድ ከተዘጋ ወዲህ

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ጉልበቴ ከማመፁ በቀር ደህና ነኝ። ሰላም ያጣው ደጃችን ነው።

ዋናውን መንገድ እንጠግናለን ብለው ከዘጉት አራት ወር አለፈው። ቆፍረው ሄዱ። የጭነት መኪናው ሁሉ አሁን በሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይከንፋል። ባለፈው ሰኞ ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአንዱ ስፖኪዮ ቦርሳዋን ጠልፎ ከትከሻዋ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ እኔው አደርሳታለሁ፣ እኔው አመጣታለሁ።

መንገዶች ቢሮ ሄጄ አቤት ብል፣ «እማማ፣ በጽሑፍ ያምጡ» አሉኝ። ጻፍኩ። «ይታያል» አሉ። የሚያይ ቢኖርማ ጉድጓዱን ያይ ነበር!

በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለመቼ ነው ብዬ፣ በሰፊ ጣውላ ላይ ምክሩንም እርግማኑንም ለሾፌሮቹ ጽፌ በራችን ላይ አቆምኩት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አይታ፣ «አንቺ ሴት፣ ‹ቀስ በሉ› አይበቃም? ይህን ሁሉ ማን ሊያነብልሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። አነበቡታ! እስከ መጨረሻው ለማንበብ ሁሉም ቀስ ይል ጀመር። አንዱማ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ እኔን ከእርግማኑ ያውጡኝ» አለኝ።

ትናንት ግን ዝናቡ ግማሹን አጠበው፤ ዛሬ እንደ ድሮው ይበራሉ። እባክሽ ልጄ፣ ዝናብ የማያስለቅቀው ቀለም ላኪልኝ። እስኪደርስ ልጅሽን ሳደርስና ሳመጣ በመኪናው በኩል የምሄደው እኔ ነኝ። አንቺን ደግሞ ፈጣሪ በሁሉም በኩል ይጋርድሽ።

እናትሽ