የሐጃጆቹን መርከብ ያስተማርኩበት ሳምንት

ሰኞ

ደወሉ ባይደወል ኖሮ እጨርሰው ነበር። አሁን ግማሹ ልጆቹ ጋ፣ ግማሹ እኔ ጋ ቀረ።

9ኛ ለ፣ ታሪክ። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ፣ በሞዛምቢክ፣ በሞምባሳ፣ በማሊንዲ አድርጎ ህንድ እንደደረሰ በጠመኔ ሥዬ አሳየኋቸው። ደህና እየሄደልኝ ነበር። ዘይነባ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ተመልሶ ሲመጣስ ምን አደረገ?"

የተማሪው መጽሐፍ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያነበብኩት አለ፤ ነገርኳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ህንድ ሲሄድ፣ ከመካ የሚመለሱ ሐጃጆችን የጫነች መርከብ ባሕር ላይ አስቁሞ ዘረፋት፤ ከነሴቶቹ፣ ከነሕፃናቱ አቃጠላት።

ከኋላ አንዱ፣ "ሰውዬው ክርስቲያን ነው አይደል?" አለ። "አዎ" አልኩ። ደወል።

ዘይነባና መሠረት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬ ለየብቻ ወጡ።

ማክሰኞ

ዘይነባ አልመጣችም። ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። እኔ ከምኖርበት ከወልድያ ሳልደርስ አባቷ መጥቶ ነበር።

"ሐሙስ ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ምን አስተምረሽ ነው?"

ነገርኩት። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "መጽሐፉ ላይ ያለው አይበቃሽም?"

"ሽማግሌ ይዤ።" ትምህርት ቤቱ ካለበት ከመርሳ እስከ ወልድያ ሚኒባሱ ውስጥ ይህንኑ እያላመጥኩ መጣሁ። ሲሪንቃን ያለፍነው መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ለአባቴ ባልነግረው ይሻል ነበር። ከትግራይ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፍቶ አርጅቷል፤ አሁንም ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። "ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ምን አጣላን?" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "የእኛን ስም ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚያየው፣ ልጄ" አለኝ።

እራት አልበላሁም።

ረቡዕ

9ኛ ሀን ያንኑ ትምህርት አስተማርኩ። መርከቧን ዘለልኳት። ማንም አልጠየቀም። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ዘይነባ ዛሬም የለችም። መሠረትን ግቢው ውስጥ አስቁሜ ጠየቅኳት።

"አታናግረኝም፣ ቲቸር። ሰኞ ስንወጣ 'የእናንተ ሰው ነው' አለችኝ። እኔ ሰውዬውን በምን አውቀዋለሁ?" እንባዋ መጣ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለራሴ ስፈራ ነው የሰነበትኩት።

ሐሙስ

መጡ። አባትየው፣ ዘይነባ፣ ከሐራ የመጡት አያቷ ሐጂ ሰይድም። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ቢያቀርብላቸው ሐጂ አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ተደግፈው እኔን አዩኝ።

"ልጅቱ የነገረችኝ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ አባባ።"

"ከየት አገኘሽው?"

"ከመርከበኞቹ አንዱ ያየውን ጽፏል። የዚያው የሰውዬው ወገን ነው፤ እሱም ክርስቲያን ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን ከፍ እያደረጉ ሲለምኑ አይቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ እንደማይረሳው ጽፏል።"

ሐጂ ቀጥለው፣ "ይኸንንስ ነገርሻቸው?"

"አልነገርኳቸውም። ተደወለ።"

"እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው። ወላሂ፣ ልጅቱ እህል እንቢ ብላለች። እናቷ ታማ ተኝታ ሳለች ይችን ልጅ ያጠባቻት የመሠረት እናት ናት። ጀምረሽዋል፤ ጨርሺው።"

ርዕሰ መምህሩ፣ "ግን መጽሐፉ ላይ..." ብሎ ጀመረ። ሐጂ ዞር ብለው ሲያዩት ተወው። "እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ" ብሎ ወደ ክፍሉ ተከተለን።

ጨረስኩት። የተቃጠሉትንም፣ ያቃጠለውንም፣ የጻፈውንም። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። መሠረት አቀርቅራለች። ዘይነባ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሐጂ ሲወጡ "አላህ ይስጥልኝ" አሉኝ።

ዓርብ

ዛሬ ማንም አልጠራኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን እርማቴን አቁሜ አያለሁ።

ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው፤ መሀላቸው ቦርሳ አለ። ደብተር ሳርም መሠረት ቀና አለች።

"ቲቸር፣ ያ የጻፈው ሰውዬ ለምን አላስቆመውም?"

"እንጃ" አልኩ።

"ፈርቶ ይሆናላ" አለች ዘይነባ፣ ቀስ ብላ። 

ለእኔ ትመልስ ለመሠረት አልለየሁም። መሠረት ግን ቦርሳውን አንስታ መሬት አስቀመጠችው።