በሰሌዳው ላይ የተተወው ቦታ

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1974
(ረመዳን ሃያ ሁለት፣ ወይም ሃያ ሦስት፤ ቆጠራው ጠፍቶብኛል)

የዓይኔ ብርሃን ኢንሳፍ፣

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የኩዌትን ሙቀት ያቅልልሽ፤ ጾምሽንም ይቀበልሽ። የወንድምሽ የፉአድ ወገብ እንዴት ሆነ? ከባድ ዕቃ አታንሣ ብዬሃለሁ በይው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስነሣም ስቀመጥም ይጮኻል፤ ዓይኔ ግን ገና ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ግራ የገባው ጭንቅላቴ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለፈው ሐሙስ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ትምህርት ቤቱና ስፌት ስለምታስተምሪያቸው ልጆች ጽፈሽ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር አስገብተሻል፤ «አባቴ፣ የዓዋድ ስም ሰሌዳው ላይ ተጻፈ?» ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ ፊርማ። አራት ጊዜ አነበብኳት። መነጽሬን ወልውዬ ሁሉ አየኋት። ተጽፏል እንድልሽ ነው የምትፈልጊው ወይስ አልተጻፈም እንድልሽ? አልገባኝም። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሕይወት ብትኖር አንዴ ገረፍ አድርጋ አይታ ትነግረኝ ነበር። እኔ ፊደል ማሳመር እንጂ ከፊደሉ ጀርባ ያለውን ማንበብ አልተሰጠኝም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርሽና የምትፈልጊውን አንቺው ፈልጊበት።

ማዘጋጃ ቤቱ የአምናውን ጦርነት አንደኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ፣ ለከተማችን ሰማዕታት በወደቡ መግቢያ ላይ እብነ በረድ ሊያቆም ነበር። እብነ በረዱ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ቀረ። በመጨረሻ ጀልባ ሠሪዎቹ «ድንጋዩ ከነባለቤቱ ይቅርብን» ብለው ለአዲስ ጀልባ ካስቀመጡት ሳንቃ የሰው ቁመት የሚያህል ሰሌዳ ሠሩ። ጽሑፉስ የማን ሥራ ነው? ዕድሜውን ሙሉ የጀልባ ስም ሲጽፍ የኖረው የአባትሽ የኡስታ ሐሰኔን ነዋ! ሃያ ሁለት ስም በታይፕ ተመትቶ መጣልኝ። በስድሳ ሰባቱ ጦርነት ሲና በረሃ የቀሩት አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በስዊዝ ቦይ ዳር የወደቁት አሉ፤ አምና ቦዩን ሲሻገሩ ያለቁትም አሉ። የሃያ ሁለቱንም ቤት አውቀዋለሁ። አብዛኞቹ በተወለዱ በሰባተኛው ቀን ስማቸውን በአባታቸው ጀልባ ፊት ላይ በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እኔው።

አሥራ ሦስቱን ጻፍኩ። አሥራ አራተኛው ባልሽ ዓዋድ ነው።

ብሩሹን ነከርኩ፣ እጄን አነሣሁ፣ እጄ እምቢ አለ። የከተማችንን ወግ ታውቂያለሽ፤ የሕያው ሰው ስም በጀልባው ፊት በቀይ ይሆናል፤ ሰውየው ሲሞት ቀዩ ይፋቅና ስሙ ከኋላ በነጭ ይጻፋል። የዓዋድ ስም ግን ከጠፋ ሰባት ዓመት ሙሉ በእናቱ ጀልባ ፊት ላይ በቀይ እንዳለ ነው። ጨው በበላው ቁጥር የማድሰውም እኔ ነኝ። ታዲያ ሰውየውን ሰሌዳው ላይ ሙት፣ ጀልባው ላይ ሕያው ላድርገው?

ደግሞ እኔ ምን ዓይነት ዳኛ ነኝ? ያንቺ አባት ነኝ። ያ የመንሱራው መምህር አንቺን ለማግባት ጠይቆ በፉአድ በኩል የላከው ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ትሑት ሰው ነው፤ የእጅ ጽሑፉም ያምራል፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንቺ ደግሞ «የዓዋድ እናት በአፏ ሞቷል ካላለች እኔ ሚስቱ ነኝ» ብለሽ ምለሻል። ስሙን ብጽፈው ልጄን ለመዳር ብዬ የሰው ልጅ የገደልኩ ሊመስለኝ ነው። ባልጽፈው ደግሞ የራሴን ልጅ ከነሕይወቷ መቅበሬ ነው። በጾም አንጀቴ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ራሴ ዞረ። በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ያቺን ቦታ ዘልዬ ወደ አሥራ አምስተኛው ሄድኩ። ጨረስኩና ሰሌዳውን ይድረቅ ብዬ በሱቄ በር ላይ አቆምኩት።

ያቺ ቦታ ምን ጉድ እንደምታመጣ እኔ ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብኝ። የኛ ሰው ጀልባው ላይ ቦታ የሚያስተወው ሚስቱ ነፍሰ ጡር ስትሆን አይደል? ባዶ ቦታ ለሚመጣ ሰው ነው። እኔ ጅሉ ይህንኑ በሙታን ሰሌዳ ላይ አድርጌው ቁጭ አልኩ!

መጀመሪያ የመጣው መተወሊ ነው፤ መረብ ጠጋኙ። ልጁ ስዊዝ ላይ በውትድርና እንዳለ ታውቂያለሽ። መረቡን ከነመርፌው አንጠልጥሎ ሲሮጥ መጣ።

«ሐሰኔን! ይህ ቦታ ለማን ነው?»

«ለማንም።»

«ለማንም ቦታ ይተዋል እንዴ? የሰማኸው ነገር አለ? ንገረኝ! የልጄ ደብዳቤ የመጣው ገና ትናንት ነው እኮ!»

«በአላህ ምንም አልሰማሁም፤ ተረጋጋ።»

«እንግዲያ አሁኑኑ ሙላው። የራስህን ስም ጻፍበት!»

«እኔ በምን ሰማዕት ሆኜ? በቀለም ሽታ?»

«በምላስህ! አንድ ቀን በምላስህ ነው የምትሞተው!»

ሰውየው እያላገጠ የሰሌዳውን ስሞች አንድ በአንድ በጣቱ ይቆጥር ነበር። እሱ ሳይሄድ ልጆቻቸው በውትድርና ያሉ ሦስት እናቶች መጡ። አንደኛዋ ቴሌግራም ደብቀህብኛል ብላ መሳቢያዬን ልትከፍት ታገለችኝ። እንዳልከፍትላት የመምህሩ ደብዳቤ አለ፤ እንዳልከለክላት በእርግጥ ደብቀሃል ልትለኝ ነው። ኋላ ከሪማ መጣች። አሥራ ሦስተኛው ስም የእሷ ልጅ የሰላማ ነው፤ አምና ጾሙን እንደያዘ የሞተው። አልጮኸችም። የልጄን ስም አሳየኝ አለችኝና አሳየኋት። ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ ስታይ «ኡስታ፣ ሰላማ ብቻውን መተኛት አይወድም ነበር፤ አጠገቡ ሰው አድርግለት» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሰዉ ሲበታተን አማትሽ መጣች። ኡም ዓዋድና እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ ጎረቤት ነን፤ ስትቆጣ ገና ከአረማመዷ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አረማመዷ ምንም አይናገርም።

«እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«እንጨቱ ጉጥ አለው፤ ቀለም አይዝም» አልኳት ዓይኔን በጨው አጥቤ።

የጀልባ ሠሪ ልጅ መሆኗን ረስቼው ነው። በአውራ ጣቷ ቦታውን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። «ጉጥ የለውም» አለችና ሄደች። የዚያን ዕለት ማፍጠሪያ የምስር ሾርባዬ ከፊቴ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሳ መጣች። ሰሌዳው የሚቆመው እሑድ ነው። በርጩማዬን ስባ ተቀመጠችና «ከሠራዊቱ የመጣው ወረቀት የት ነው?» አለች።

ውሃ ሆንኩ። ያ «የጠፋው ወታደር እንደ ሰማዕት ተቆጥሯል» የሚለው ወረቀት ትዝ ይልሻል? የመጣ ሰሞን አንቺ ወደ ኩዌት ለመሄድ ሻንጣ ታሰናጂ ነበር። በር ዘግተን አለቀስንና ለእሷ ላንነግር ተማማልን።

«የምን ወረቀት?» አልኳት።

«ኧረ ተው ሐሰኔን! ቦርሳ ያንጠለጠለው ሰውዬ መጀመሪያ የመጣው እኔ ቤት ነው። ማንበብ ባልችል የሰው ፊት ማየት ያቅተኛል? ሚስቱ ኡስታ ሐሰኔን ቤት ናት፣ ለእሷ ስጥ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። በሬን ጠገንክ። መስኮቴን ቀባህ። ጣራዬን ደፈንክ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን ስታድስ ኖርክ እንጂ ትንፍሽ አላልክም!»

«እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

«እኔም እንዳትጎዳ ብዬ ነዋ ዝም ያልኩህ!»

ኢንሳፍ ልጄ፣ እንግዲህ ተመልከቺ። እኔ እሷ አታውቅም ብዬ ሁለት ዓመት ስሸሽ፣ እሷ እኔ እንዳልሳቀቅ ብላ ሁለት ዓመት ስታመሰግነኝ ኖረናል። የትኛችን ማንን እንዳታለለ እስካሁን አልገባኝም።

«አሁን ጻፈው» አለች።

«መሞቱን አመንሽ ማለት ነው?»

«ማመን አለማመኔ የራሴ ጉዳይ ነው። ኢንሳፍ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከልጄ ጋር የኖረችው አራት ወር፣ የጠበቀችው ሰባት ዓመት። በየዒዱ ጨርቅ ትልክልኛለች፤ ስለ መምህሩ ግን አንድ ቃል አትነግረኝም። የከተማው ሴት ሁሉ ሲያወራ እኔ ደንቆሮ ነኝ? ዓዋድ ቢሆን እንዲህ ታስራ እንድትቀመጥ አይወድም። ጻፍ ብያለሁ። ቀለሙን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ጻፍኩ። እሷ ጣሳውን ይዛ ቆማ፣ የእሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ጻፍኩ። የእኔ እጅ ያን ጊዜ ጸና፤ ጣሳው ግን በእጇ ውስጥ ዘንበል ብሎ ነጩ ቀለም ጫማዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ስጨርስ «ከሦስቱ የእሱ የትኛው ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። እርጥቡን ቀለም ሳትነካ ፊደሉን ከላይ በጣቷ ተከተለችው።

ከዚያ «ተነሥ» አለችኝና ወደ ጀልባው ሄድን። ያን ቀይ ስም በጻፍኩበት በዚያው እጄ ፋቅኩት። ሠላሳ ዓመት በላዩ ላይ የደረብኩት ቀለም ነውና በቀላሉ አልለቅም አለ። ቅርፊቱ አሸዋው ላይ ሲወድቅ እሷ ባሕሩን ታይ ነበር። ከኋላ በነጭ ጻፍኩለት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ዕቃዬን ስሰበስብ ግን የቀዩን ቀለም ጣሳ ከእጄ ወሰደችው።

«ይህን እኔ ጋ አስቀምጠዋለሁ። ክዳኑን ጠበቅ አድርገው። ያ ልጅ ከመጣ ችኩል ነው፤ አዲስ ቀለም እስኪገዛ አይታገሥም።»

እሑድ ሰሌዳው ቆመ። ስም ሲጠራ ቤተሰቡ «አለን» ይላል። ሃያ አንዱ ቤት አለን አለ። አሥራ አራተኛው ሲጠራ ግን አማትሽ «እናቱ አለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እስከ መርከብ ማቆሚያው ተሰማ። ከሪማ ሄዳ አጠገቧ ቆመች። መተወሊ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «የዓዋድ ነበር ለካ ቦታው! አልሐምዱሊላህ!» አለኝና ወዲያው የተናገረው ገብቶት አፉን ያዘ። እስካሁን ባየኝ ቁጥር አቀርቅሮ ያልፋል። አልተቀየምኩትም፤ እኔ ራሴ በዚያች ሰዓት ስላንቺ ሳስብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ስላለኝም አፍሬ ነበር።

እንግዲህ የጥያቄሽ መልስ ይኸው፤ ተጽፏል። ደስ ይበልሽ ልበልሽ ወይስ አላህ ያጽናሽ? ሁለቱንም ብያለሁ፤ የሚሆንሽን ውሰጂ። መሐላሽን እሷው ፈትታልሻለች። መልስሽን ግን ለእኔ አትጻፊ፤ ለእሷ ጻፊ። ስለ መምህሩም አንቺው በራስሽ ቃል ንገሪያት። እኔ ሳነብላት ድምፄ እንዳይከዳኝ አጠር አድርገሽ ጻፊ።

በሄድሽበት ሁሉ በር የሚከፈትልሽ ያድርግሽ። እጅሽ የሰፋው ይመር፤ ቤትሽ ድምፅ አይጣ። ፉአድን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

አባትሽ፣
ሐሰኔን፣ የጀልባ ጸሐፊው

ይህን አሽጌ ልልክ ስል አማትሽ አስጠራችኝ። ጣሳውን አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። «ክፈተውና እየው፤ እንዳይደርቅ እሰጋለሁ» አለችኝ። ከፍቼ በእንጨት በጠበጥኩት፤ አልደረቀም። ሳትጠይቀኝ ጥቂት ዘይት ጨመርኩበትና ክዳኑን በመዶሻ ዙሪያውን መትቼ ዘጋሁት። ይህን ለመምህሩ አትንገሪው።