የእንግዳ ቆጮ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ወልቂጤ። ጠዋት ባጃጅ ጭቃ ረጭቶብኝ ቢሮ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ብቻ። የጥናቱን ዘዴ። መግቢያው አልቋል፣ ውጤቱ አልቋል፣ ሠንጠረዦቹም አምረዋል። ይህች ክፍል ናት የቀረችው።

አብሮኝ የሚጽፈው ደረጄ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ያረጋል፣ እስካሁን እዚያው ነህ? የአምናውን ገልብጥና ቁጥሩን ቀይር» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ የጣልኩት በዚህ ክፍል ነው። ምን ሠራህ? እንዴት ሠራህ? ከማን ወሰድክ? አሁን ለራሴ ሲሆን ልገልብጥ?

ጆርናሉ የሰጠን የመጨረሻ ቀን ግንቦት 30። ይህ ጽሑፍ ካልወጣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ዘንድሮም የለም። በሃምሳ አራት ዓመቴ...

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «ናሙናው በቡታጅራ ዙሪያ በዕጣ ከተመረጡ አርባ ስምንት ቤቶች፣ ቤተሰቡ በአዘቦት ቀን ከሚበላው ቆጮ ተወሰደ።»

በአዘቦት ቀን... በምን አወቅሁ? አንድ ቤት ቆጮ የሚቀብርበት ሁለት ሦስት ጉድጓድ አለው። የሰጡን ከየትኛው ነው? መዝገቡ ላይ የለም። የገዛ መዝገቤ ላይ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ባሂራ ጋ ደወልኩ። የቡታጅራዋ የግብርና ባለሙያ። አምና ከቤት ቤት ይዛኝ የዞረች፣ ያስተረጎመችልኝም እሷ ናት።

«ከየትኛው ጉድጓድ ነበር የሚሰጡን?»

«ከእንግዳው ነዋ።»

«የምን እንግዳ?»

«መምህር፣ እንግዳው እርስዎ ነዎት። ዓመት ያለፈውን፣ ነጩን ነዋ የሰጡን። ለእርስዎ ልጆቹ በየቀኑ የሚበሉትን ይስጡ እንዴ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ። ደግሞ ደስ ብሎዎት ነበር። ‹እንዴት ያለ ጥሩ ቆጮ ነው የሚበሉት› እያሉ ሲጽፉ አይቻለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። አርባ ስምንት ቤት። አርባ ስምንት ጊዜ ተከብሬአለሁ። ዋናው ግኝታችን እኮ «የአካባቢው ቤተሰብ በአማካይ አሥራ አራት ወር የቆየ ቆጮ ይመገባል» የሚል ነው። የተመገብኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ለደረጄ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«‹በአዘቦት ቀን› የምትለውን አውጣት። ‹ከቤተሰቡ ቆጮ› በል። የቤተሰቡ አይደለም እንዴ?»

በሩን ዘጋሁበት። ከፍቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ተመልሶ ያንኑ ሲለኝ እንደገና ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

በአረቅጥ በኩል ቡታጅራ ወረድኩ። ከባሂራ ጋር መጀመሪያ ሰይዶና ሚስቱ ሰልሚያ ቤት። ነገሩን በዝርዝር አስረዳሁ። ሁልጊዜ የምትበሉትን፣ ያንኑ ብቻ... ባሂራ ለሰልሚያ አስተረጎመች። ባልና ሚስት ተያዩ።

«መምህር፣ አምና ምን በደልንህ?» አለ ሰይዶ።

«ምንም።»

«ታዲያ ዘንድሮ ምን ሆንክ? ሰው ቤት መጥተህ መጥፎውን አምጡ ትላለህ?»

ሰልሚያ ወደ ጓሮ ሄዳ ይዛ ተመለሰች። የሁለት ዓመት ቆጮ! ከአምናው የበለጠ ነጭ።

ስድስት ቤት ገባሁ። ስድስቱም እንደዚያው። አራተኛው ቤት «ቅር ብሎት ነው የመጣው» ብለው ዶሮ ሊያርዱ ሲነሱ ባሂራ አስቆመቻቸው። አንድም ናሙና የለም። ሆዴ ግን ሞልቷል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ባሂራን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ጋበዝኳት።

«እንግዳ ሆነው እስከመጡ ድረስ ሌላ አያገኙም» አለች።

«ምን ልሁን ታዲያ?»

«ሠራተኛ። ጋሽ ሰይዶ እንሰት ሊተክል ነው። ጉድጓድ የሚቆፍር ይፈልጋል።»

«እኔ?»

«እጅ የለዎትም?»

ይህችን ሴት ማን አሳደጋት? «ደግሞ ይፍጠኑ» ብላ ጨመረች። «አረፋ ግንቦት 29 ነው። ልጁ ሁሉ ከአዲስ አበባ መግባት ከጀመረ የአዘቦት ቆጮ የሚባል ነገር አያዩም።»

የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የጥናት ዘዴ» ብዬ ሞላሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሰይዶ ዶማውን ሲሰጠኝ፣ «ወልቂጤ መሬት አለቀ?» አለ። ሌሎቹ ሦስት ቆፋሪዎች ሳቁ። ሜትር ይዤ ስለነበር የጉድጓዶቹን ርቀት እየለካሁ ቆፈርኩ። ይህን ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው።

ምሳ መጣ። ለእነሱ አንድ ትሪ። ለእኔ ለብቻዬ፣ ነጩ፣ በአይብ። እጄ ውሃ ቋጥሯል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬም ለብቻዬ። «ብቻዬን አልበላም» አልኩ። ቆሜ ተከራከርኩ። ሰይዶ ራሱን ነቅንቆ ከቆፋሪዎቹ አንዱን ላከልኝ። ሰውዬው እያመሰገነኝ ነጩን በላ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሰልሚያ ሥራውን ልታይ መጣች። በመስመሬ ኮርቼ ነበር፤ በክር የተሰመረ ይመስላል። እየዞረች አየች። አየችና በጉራጊኛ አንድ ነገር አለች።

«መስመሩ ጥሩ ነው፣ ጥልቀቱ ግን አይሆንም ትላለች» አለ ሰይዶ። «እንሰቱ ንፋስ ሲመጣ ይወድቃል። ሦስቱን ድገም።»

«ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«እስከ ጉልበት።»

«የማን ጉልበት?»

ሰይዶ እግሩን ዘረጋልኝ። ለካሁ። አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ይህን ሰኞ አይነግሩኝም? በየሰው ጉልበት እንዴት ይሠራል? እያጉረመረምኩ ሦስቱንም ደገምኩ። ልክ ነበረች። ያናደደኝም እሱ ነው።

ምሳ ላይ ስለ ጥልቀት ከሰይዶ ጋር ስጨቃጨቅ ሦስተኛ ጉርሻዬ ላይ ደረስኩ። ያኔ ነው ያየሁት። አንድ ትሪ ብቻ። ቆጮው ጠቆር ያለ፣ ቃጫው ያልለቀቀ፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ። በዚህ ወረዳ ከበላሁት ሁሉ የባሰ ነው። አራተኛ ጎረስኩ።

«ይሄ ስንት ወሩ ነው?»

ሰልሚያ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። በአማርኛ፣ «አራት። ብላ፣ ሥራ አለ።»

ማታ ስሄድ ከዚያው ጉድጓድ ቆርጣ በላስቲክ ሰጠችኝ። ስለ በደል ያነሳ የለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ሰይዶ ከፊት እየሄደ በየቤቱ ይናገርልኛል። «የኔ ጓሮ ሰው ነው። የልጆቹን ስጡት።» ባሂራ ትመዘግባለች፤ ጉድጓዱን፣ ወሩን፣ ማን እንደቆረጠው። አንዳንዱ ቤት ዝም ብሎ ይሰጣል። አንዳንዱ ውሃ የቋጠረ እጄን ገልብጦ ያያል። አንዲት አሮጊት አልበቃቸው ብሎ ግማሽ ቀን አስቆፈሩኝ።

አርባ አራት ቤት ሞላ። አራቱ አሻፈረኝ አሉ፤ እንግዳ ነህ አሉ፣ በቃ። አርባ አራት ብዬ እጽፋለሁ። የአራቱንም ምክንያት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

የላብራቶሪው ውጤት ወጣ። የአዘቦቱ ቆጮ በአማካይ አምስት ወር። ውሃው የበዛ፣ ኮምጣጣነቱ ያልደረሰ። አሥራ አራት ወር ያልነው ያ ቆንጆ ግኝት ሞተ። ወረቀቱን ደረጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አልተናደድኩም። ለምን?

ደረጄ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ቆይ... የአምናውም አለን እኮ።»

«አለን።»

«ከአንድ ቤት፣ ለእንግዳ የሚቀርበውና ልጆቹ የሚበሉት። ጎን ለጎን። ይህን የለካ ሰው አለ?»

እስከ ምሽት ፈለግን። አላገኘንም። በሩ ክፍት ሆኖ ዋለ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

የዘዴው ክፍል አለቀ። ሦስት ገጽ ሆነ። ደረጄ አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዳወጣ ለመነኝ። «አጥኚው በመጀመሪያው ዙር እንግዳ ስለነበር የተሰጠው የእንግዳ ቆጮ ነው፤ ስህተቱ የአጥኚው ነው።» አላወጣሁም። ከሰዓት ላክነው። ይቀበሉት ይሆን? አላውቅም። የሠራነው ግን ያ ነው።

እንደላክነው ስልክ ጮኸ። ሰይዶ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ፣ «ትናንት በዝናቡ አንዱ እንሰት ዘመመ። ሰልሚያ የቆፈረው ሰው መጥቶ ያቃናው ብላለች» አለ።

«የኔ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።»

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። ምሳ አልይዝም።