ስለ አዲሱ ካሜራና ስለ እማማ ኡምኩልሱም ጉንጭ

ለክቡር አቶ ቢሻው
የትዝታ ማኅደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሙቀቱ ሳያማርርዎ፣ ስብሰባው ሳያደክምዎ፣ በተለይም ቆዳዎ በፎቶ እንደሚታየው እንደ ሕፃን ለስልሶ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በጽሕፈት ቤትዎ ስድስት ዓመት ፎቶ ያነሳሁት ሸዋሉል ነኝ። የበርታ ብሔረሰብ አረጋውያንን ፎቶ አንስተን ለልጅ ልጅ እናስቀምጥ ሲሉ አብዝተው ካጨበጨቡት አንዷ ስለነበርኩ፣ ቅሬታዬን በጆሮዎ ሹክ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሹክ ብዬ ስላልተሰማሁ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አዲሱ ሚረርለስ ካሜራ አመሰግናለሁ። ሐቁን ለመናገር ከአሮጌው ይበልጣል። አሮጌው በማንጎ ጥላ ሥር የተቀመጠን ሰው ፊት እስኪያገኝ ሲዋዥቅ የሰውየው ፈገግታ ያልቅ ነበር፤ ባትሪውም ከረፋድ አያልፍም። አዲሱ ዓይን ካገኘ አይለቅም፣ እጄ ቢንቀጠቀጥ እሱ ይረጋጋል፣ ባትሪው እስከ ማታ ይዘልቃል፣ ካርድም ሁለት ይጎርሳል። የምስሉ ጥራት ግን ያው የድሮው ነው ማለት ይቻላል። አሮጌው ያየውን ከመናገር ሌላ አያውቅም ነበር፤ ለአዲሱ ግን ፊት ማለስለሻ የሚባል ነገር ተጨምሮለታል።

ሁለተኛ፦ ካሜራው በመጣ ዕለት መጀመሪያ የተነሱት ክቡርነትዎ ነበሩ። የወጣትነት ቡግር የተወልዎ ጠባሳ ሁሉ ድራሹ ሲጠፋ ስክሪኑን ለሩብ ሰዓት ያህል ሲመለከቱ መቆየትዎን አልረሳም። ሚረርለስ ማለት ውስጡ መስታወት የሌለው ማለት ነው ብዬ ላስረዳዎ ብሞክርም፣ እርስዎ ግን መስታወት አድርገውት አረፉ። በማግስቱ ማለስለሻው በመጨረሻው ልክ እንዲበራ፣ ያልተነካካው ጥሬ ፋይልም ቦታ ስለሚይዝ እንዳይቀመጥ የሚል ደብዳቤ ወጣ። ለዚህም ፍጥነት ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ የሠራተኛ መጸዳጃ ቤት በር እንዲጠገን የጻፍነው ደብዳቤ ሁለት ዓመቱ ነው።

ሦስተኛ፦ ያንገበገበኝ ይህ ነው። በኩርሙክ መንገድ ይኖሩ የነበሩት እማማ ኡምኩልሱም በልጅነታቸው በሁለቱም ጉንጫቸው ላይ ሦስት ሦስት መስመር የተበጡ ሴት ነበሩ። ሁለት ጊዜ አልነሳም ብለው መልሰውኛል። በሦስተኛው የተስማሙት ጉንጫቸውን እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጆቼ ጋ የለም። እኔ ሞትኩ፣ አለቀ። ይሄን አሳዪ» ብለው ነው። እኔም አሳያለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ለክቡርነትዎም ይህንኑ ብነግርዎ፣ ለአረጋውያኑ ማለስለሻው ይጥፋ፣ በቃሌ ተማመኚ አሉኝ። አጠፋሁት። በጉዞዬ ጠዋት ግን ለአንዲት ፎቶ ብቻ ብለው ካሜራውን ተቀበሉኝ፤ ማለስለሻውን አብርተው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መለሱልኝ። እኔም አምኜዎ ሳልመረምረው ይዤ ሄድኩ። በቀትር ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ምንም አይለይም ነበር።

እማማ ኡምኩልሱም ፎቶ በተነሱ በሃያኛው ቀን አረፉ። ፎቶውን አሳትሜ፣ ፖስታውን ሳልከፍት ይዤ ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው ሳና ተቀብላኝ የፎቶውን ጉንጭ በጣቷ ዳበሰችው። «ይሄ እናቴ አይደለም» አለችኝ። «እናቴን ወሰድሽ፣ የማን ሴትዮ አመጣሽ?» ቃሌን አምነው በራቸውን በከፈቱልኝ ሰዎች ቤት የምገባበት መሬት ጠፋኝ። ተመልሼ ለክቡርነትዎ ስነግር፣ እንዲያውም ወጣት ሆነው ወጥተዋል ብለው አጽናኑኝ። እንዲህ ያለውን ማጽናኛ ለጠላቴም አልመኝም። እኔ የተጎዳሁት በካሜራው አይደለም፤ ካሜራው የታዘዘውን ነው የሠራው። የካዱኝ እርስዎ ነዎት፣ በእርስዎ ክህደት ደግሞ እኔም እማማን ካድኳቸው።

አራተኛ፦ ይኸው ፎቶ በኮሪደሩ ላይ «ማንነታችን» ከሚል ጽሑፍ በታች፣ ከክቡርነትዎ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ሁለታችሁም ያለ አንዳች ምልክት አምራችኋል። የእማማ እንዲወርድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ገና ያላነሳናቸው አሥራ አንድ አረጋውያን አሉ፤ ዕድሜ ደግሞ የእርስዎን ፊርማ አይጠብቅም። ለእነሱ አሮጌው ካሜራ ከንብረት ክፍል ይውጣልኝ። ቢዋዥቅም እታገሠዋለሁ።

ሲያዙኝ የታዘዝኩ፣ የአፍ ቃልዎን እንደ ማኅተም ቆጥሬ የኖርኩ፣ ከእንግዲህ ግን ካሜራ ከእጅዎ ስቀበል ቁልፎቹን አንድ በአንድ የምፈትሽ፣

አክባሪዎ
ሸዋሉል ደባልቄ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
ለወይዘሮ ሳና

ሳልረሳው፦ ሳና ሌላ ፎቶ ስለሌላት በሰማያዊ እስክሪብቶ በእናቷ ጉንጭ ላይ ሦስት ሦስት መስመር አስምራ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። አንዷ ጠመም ብላለች፤ የእናቷም እንደዚያው ነበረች። እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጥታኛለች። ትናንት ይዤው ኮሪደሩ ላይ ከክቡርነትዎ ፎቶ ፊት ቆሜ ነበር፤ ቡግሩ የት የት እንደነበር ጠፋኝ እንጂ። የልጅ ልጆችዎ አንድ ቀን ይሄ አባባ አይደለም እንዳይሉ፣ እርስዎ እንኳ የሚያስታውሱ ከሆነ ይጠቁሙኝ።