ለተዝካሩ የሚደርስ ጠመንጃ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

በሬውን እሸጠዋለሁ። አለቀ። ከእንግዲህ ማንም ቢመክረኝ አልሰማም።

እሜቴ ዛሬም ከመደብ አልተነሡም። የባሌ እናት ናቸው። ባሌ ተገኘ ከሞተ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ያው አንዲት ነገር ናት፤ «ልጄ እንደ ሴት ተለቀሰ።» እውነታቸውን ነው። በአገራችን ወንድ ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ አልቃሽም ሙሾ አውራጅም እሱን እያዩ ነው የሚያነሡ የሚጥሉት። የተገኘ ጠመንጃ ግን ደብረ ማርቆስ ጣሊያን እጅ ነው። «መሣሪያውን ያስረከበ ይማራል» ተብሎ ተለፈፈ። ያ የዋህ ወስዶ አስረከበ። ሳምንትም አልቆየ፣ መጥተው ከእርሻው ላይ ወሰዱትና ረሸኑት። በለቅሶው ዕለት የዘረጋነው ጋቢውን ብቻ ነበር።

አይ ተገኘ! ማንን አመንክ?

እሑድ ተዝካሩ ነው፤ ለቅሶው ይደገማል። ታናሽ ወንድሙ አንዳርጌ ደግሞ ከተዝካሩ በኋላ ጫካ እገባለሁ ብሎ ቆርጧል። ባዶ እጁን የሄደ ሰው እዚያ ስንቅ ተሸካሚ ነው የሚሆነው። እንግዲህ አንድ ጠመንጃ ሁለት ሥራ አለበት፤ ለሟቹ ሊለቀስበት፣ ለቋሚው ሊተኮስበት። ያለኝ ደግሞ አንድ በሬ ነው። ተስማሚ መርጦ መግዛት የኔ ፈንታ ሆነ፤ አንዳርጌን ብልከው የመጀመሪያውን አቅፎ ይመጣል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ለጎረቤቴ ለእማማ እታፈራሁ ነገርኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ የፈራሁት ይህን ነበር። የሳቸው አንድ በሬ ነው፣ የኔም አንድ፤ አቀናጅተን ነው የምናርሰው። የኔን ስሸጥ የሳቸውም ሥራ ይፈታል። ያውም በሰኔ!

በሩ ላይ ቆሜ ስንተባተብ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ለጠመንጃ ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው።

«እንግዲያ ሽጪው ብርቄ። የኔም ልጅ እኮ መሣሪያ የሰጠው ሰው ቢኖር ነው እስከ ዛሬ የቆመው።»

አንድ ልጃቸው ምናለ ነው። ጫካ ከገባ ዓመት አለፈው፤ እነሆ ወሬው የለም። በመንገዱ ሰው ባለፈ ቁጥር ሮጠው ይወጣሉ። መንገደኛው ቄስ ይሁን ነጋዴ፣ «ከየት ነህ? ምናለን አላየህም?» ነው። ሰፈሩ ለምዶታል። እኔ ግን ዛሬ አንጀቴን በሉት። ሳልወጣ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ በነጠላዬ ቋጠሩልኝ፤ ለመንገድሽ ብለው። ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ገዛሁ!

ከአንዳርጌ ጋር በሬውን እየነዳን ከቁይ ወዲያ አንድ የጨው ነጋዴ ቤት ሄድን። ጠመንጃ ዛሬ ገበያ አይወጣም፤ በሹክሹክታ ነው የሚሸጥ። ሰውዬው ከገለባ ክምር ሥር ሁለት አወጣ።

አንደኛው የጣሊያን፣ አዲስ፣ ጥቁር፣ የሚያበራ። አንዳርጌ ሲያየው አፉን ከፈተ፤ ትከሻው ላይ አድርጎ ወዲያ ወዲህ አለ። ያምርበታል፣ ምን ይዋሻል። ጥይቱ ግን አንድ እፍኝ አይሞላም። ነጋዴውን «ሲያልቅስ?» ስለው፣ «ከጠላት ይማርካላ» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው፣ ለሚሸጥ ሰው።

ሁለተኛው አሮጌ ውጅግራ ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ታስሯል። መልክ የለውም። ነገር ግን የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ በባሩድ መሙላት ይቻላል፤ የሚሞላውን ሰውዬ እኛም እናውቀዋለን። ተቀበልኩና ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ በአፈሙዙ ወደ ብርሃን አየሁ፣ በጣቴ አንኳኳሁ። ነጋዴው ሳቀብኝ። «ሴትዮ፣ ድስት መሰለሽ?»

«ድስትም ቢሆን ሳላንኳኳ አልገዛም» አልኩት። ሳቁን አቆመ።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን ያዘው። ማንገቻው የቆዳ ነው፤ በውስጥ በኩል ትከሻ እንዳይቆርጥ የነጠላ ጥለት ታጥፎ ተሰፍቶበታል፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ስፌቱ ድቅቅ ያለ። ይህን የወንድ እጅ አልሠራውም። «ባለቤቱስ?» አልኩት።

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። «ከእንግዲህ አይፈልገውም። ዓባይ በረሃ ውስጥ እኔው ራሴ ነኝ አፈር ያለበስኩት።»

አማተብኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። የሞተ ሰው ጠመንጃ ለሞተ ሰው ለቅሶ፣ ምን ይደረግ ብዬ በሬዬን አስረከብኩ። በሬው ሲቀር ዞር ብሎ አየኝ። እንዳላየሁት ሆንኩ።

ጠመንጃውን በማገዶ ሸክም ውስጥ አስሬ በጀርባዬ አመጣሁት። መንገድ ላይ ባንዳዎች አስቆሙን። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ለሐዘን የተላጨ ራሴን አሳየሁና፣ «ባሌ ሞቶብኝ ለተዝካሩ ማገዶ ነው» አልኩ። አንደኛው «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ አሳለፈኝ። አሜን አልኩት። ማታ የነጋዴውን ቃል ሁሉ ለእሜቴ ነገርኳቸው፤ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ ሰሙኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ቤቴ ምስጋና ይጠብቀኛል ብዬ! አንዳርጌ አኩርፏል። እሜቴ ደግሞ ከመደባቸው ቀና ብለው ሰደፉን አዩና፣ «ይኼ ነው የልጄ? ይኼ የተጠጋገነ?» አሉ።

ደሜ ፈላ። «የሚያበራ ነገር ከፈለጋችሁ መስታወት ገዝቼ ልዘርጋላችሁ!» አልኩና ወጣሁ። በረት ገባሁ፤ በረቱ ባዶ ነው። እዚያው ቆሜ ተነፋረቅኩ። ተገኘን ምን ነው ጥለኸኝ ሄድክ አልኩት። ሰደብኩትም። ይቅር ይበለኝ።

ስመለስ እሜቴ ተነሥተው ተቀምጠዋል! ጠመንጃው ጭናቸው ላይ ነው፤ በኑግ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ይዘው ሰደፉን ያሻሉ። ራታቸውንም በሉ። ከተገኘ ወዲህ እንዲህ ሲበሉ ዛሬ ገና አየሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

መጻፍ አልችልም፤ ካልጻፍኩም እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወይራው ሥር ጋቢውን ዘረጋን፣ ሱሪውን፣ ጠመንጃውን። ጣሊያን እንዳይመጣ ሰው በጉብታው ላይ አቁመናል፤ ተኩስ የለም ተብሏል። ጠመንጃው ዘይት ጠጥቶ አምሯል። እሜቴ አይተውት፣ «ተገኘ፣ ይኸውልህ መሣሪያህ» ብለው ሲጮኹ ሰዉ ሁሉ አብሮ ጮኸ። በሬዬን አልቆጨኝም ያን ጊዜ።

ሙሾው ጋብ ሲል እማማ እታፈራሁ ደረታቸውን እየመቱ ቀረቡ። ጎንበስ አሉ። ማንገቻውን አነሡ፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

የሰርጋቸው ነጠላ ጥለት ነው። አምና አንድ የዲማ ገዳም መነኩሴ ወደ ጫካ ሲሄዱ ማንገቻውን በእጃቸው ለምናለ ልከውለት ነበር፤ ትከሻው ስስ ነው ብለው። ጠመንጃውን አያውቁትም፣ ምናለ እዚያው ጫካ ነው ያገኘው። ማንገቻውን ግን እንዴት ይስቱታል?

ወደኔ ዞሩ። ፈገግ ብለው ነበር። ይህን እስክሞት አልረሳውም፣ ፈገግ ብለው ነበር። «ብርቄ፣ አገኘሽው? ደኅና ነው? ምን አለሽ?»

«እማማ…» አልኩ። ፊቴን አዩና ፈገግታቸው ጠፋ። ሲወድቁ እሜቴ ናቸው የደረሱላቸው። እኒያ ከመደብ አልነሣ ያሉት እሜቴ አቅፈው በተገኘ ጋቢ ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ሙሾውን ራሳቸው አወረዱት። ያስቀደሙት የምናለን ስም ነው፤ የልጃቸው ከኋላ መጣ።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ጧት አንዳርጌ ሳይነገረው ጠመንጃውን አንሥቶ ለእማማ እታፈራሁ ወሰደላቸው። ያኮረፈው ልጅ! እኔና እሜቴም ተከተልነው። «የልጅዎ ነው እማማ፣ እርስዎ ነዎት ባለቤቱ» አላቸው።

ማንገቻውን ፈትተው አስቀሩ፤ ጠመንጃውን መለሱለት። «እሱ ይሂድ። ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል? ይኼ ግን የልጄ የትከሻው ላብ አለበት» አሉ። አንዳርጌ በማንገቻው ፈንታ ጠፍር አስሮበት ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። የእናቱን ስሞ ሲያበቃ እኔን፣ «እትዬ፣ አሮጌው ይሻላል» አለኝ። እንባዬ መጣ። ከጉብታው ወዲያ እስኪሰወር አየነው።

ከዚያ እማማ እታፈራሁ እጄን ያዙኝ። «የሸጠልሽ ሰውዬ እንዴት ነበር ያለሽ? ቃሉን ንገሪኝ። በዓይኑ አይቷል?»

እኔው ራሴ አፈር አለበስኩት ብሏል። ቃሉ ይኸው ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሰምቶ ነው እማማ» አልኩ። «አላየም፤ ከሰው ሰምቶ ነው።»

እሜቴ ቀና ብለው አዩኝ። ሐሙስ ማታ ሁሉንም ነግሬያቸው ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እማማ እታፈራሁ ግን በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያ ሰው ይሳሳታል» አሉ። «ማንገቻ ይሰረቃል፤ ይጣላል።»

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ መጣሁ። አሁን ዝናቡ ጥሏል፤ ማሳው ሳይታረስ እየራሰ ነው። ቅድም በመንገዱ የበቅሎ ኮቴ ሰምቼ ብቅ ብል፣ እማማ እታፈራሁ ማንገቻውን እንደያዙ በዝናቡ ውስጥ ሮጠው ወጡ። «ከየት ነህ?» ሲሉ ይሰማኛል። «ምናለን አላየህም?»