በፉጨቱ መሀል የሰማሁሽ

ታምፔሬ፣ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 2024

ለሩቋ ልጄ፣ ለኢንኬሪዬ፤

እዚያ በምድር ደቡብ ጫፍ፣ ሆባርት አሁን አበባው ፈክቶ፣ ሰዉ እጅጌ ጉርድ ለብሶ ይሆናል። እኛ ዘንድ ከምሳ ተነስተን ሳህኑን ሳናጥብ ይመሻል። አባትሽ ጀልባዋን ከሐይቁ አውጥቶ ገለበጣትና ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ወገቡን ይዞ ይነጫነጫል። ወገቡ ደህና ነው፤ አይዞህ የሚለው ሰው ፈልጎ ነው።

የላክሽልንን የኳየራችሁን የመዝሙር ቅጂ ሰማሽው ወይ እያልሽ በስልክ ስትጠይቂኝ ወሬ እያዞርኩብሽ ከርሜያለሁ። አባትሽም "እናትሽ ሥራ በዝቶባት ነው" ያለሽ እኔ አፉን አስይዤው ነው። ጡረታ የወጣች ሴት ምን ሥራ ይበዛባታል? ሳትጠረጥሪ አልቀረሽም። አሁን ለመጻፍ ልቤ ስለረጋልኝ ከመነሻው ልንገርሽ። አትደንግጪ፤ መጨረሻው ደግ ነው።

በሜይ ወር ነው የጀመረው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አባትሽ ለሃምሳ ዓመቴ የገዛልኝን ባለ እንጨቱን ሄድፎን አድርጌ ቫዮሊን እሰማ ነበር። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ሰው ቴሌቪዥን ከቦ ሲስቅ እኔ ሄድፎኔን ደፍቼ ጥግ የምይዝ ነኝ። ዜማውንማ ሁሉም ይሰማዋል። የኔ ደስታ የተጫዋቹ ወንበር ሲንቋቋ፣ የኖታው ወረቀት ሲገለጥ፣ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ መስማት ነበር። በዚያ ጊዜ ሰዎቹ አጠገቤ ያሉ ይመስለኛል።

የዚያን ዕለት ሙዚቃው አለቀና ሄድፎኑን አወለቅኩ። አንድ ቀጭን ድምፅ ግን ቀረ፤ ሩቅ ቤት የተጣደ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል እንደሚያፏጨው ያለ። ፍሪጁ መሰለኝና ነቀልኩት። ኢንተርኔቱ መሰለኝና ነቀልኩት። በመጨረሻ የቤቱን መብራት በሙሉ ከቆጣሪው አጠፋሁት።

"ሴትዮ!" ብሎ ጮኸ አባትሽ ከሳሎን። "የሆኪ ጨዋታው እኮ ነው! ጎል ሊገባ ሲል!"

"ዝም በል፣ አንድ ነገር እየጮኸ ነው።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ!"

ከዚያ እሱም ዝም አለ፣ ቤቱም ዝም አለ። ድምፁ ግን አልጠፋም። ሁለት ጆሮዬን በመዳፌ ስደፍን ይብስ ጎላ። ያኔ ነው ከየት እንደሚመጣ የገባኝ።

የጆሮ ሐኪሙ በደንብ መረመረኝ። ቀጫጭኑን ድምፅ የሚይዘው የመስሚያዬ ክፍል ደክሟል፤ ዕድሜ ይሁን የሄድፎን ብዛት ለይቶ መናገር አይቻልም፤ አንጎል የጎደለበትን ሊሞላ ሲል ራሱ ድምፅ ይፈጥራል አለኝ። "ለሕይወት አያሰጋም። ብዙ ሰው ይለምደዋል። ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት ግን እስካሁን የለም።" ከዚያ ሁሉ ንግግር ቤት ይዣት የገባሁት "የለም" የምትለዋን ብቻ ነው። ሄድፎኖቼን በካርቶን አሽጌ ምድር ቤት አወረድኳቸው። ሙዚቃ የሚባል ነገር በቤቴ እንዳይሰማ አልኩ።

በጋው ሲገባ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ቤታችን ሄድን። ሰው ሁሉ ለጸጥታ ብሎ የሚሄድበት ቦታ አይደል? እኔም ጆሮዬ ቢያርፍ ብዬ ነበር። ኢንኬሪዬ፣ ያንን ጸጥታ እንዴት እንደምወደው ታውቂያለሽ። ውሃው መስታወት መስሎ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣ ጀልባ የምናስርበት የእንጨት መድረክ ጫፍ ላይ ስቀመጥ ፉጨቱ ሰማዩን ሞላው። ሌላ የሚሰማ ነገር ስለሌለ እሱ ብቻውን ነገሠ። የምሸሽበት ቦታ ራሱ አሳዳጄ ሆነ።

ፋታ የማገኘው ሳውና ውስጥ፣ እንፋሎቱን ስንሞቅ ብቻ ነበር። ውሃው የጋለው ድንጋይ ላይ ሲፈስ ቸሸሸ የሚለው ነገር፣ እሱ ሲሰማ ፉጨቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ "ጨምር" እላለሁ። አባትሽ ይጨምራል። "ጨምር" እላለሁ። ይጨምራል። አንድ ቀን ቲማቲም መስሎ ከመደቡ ወረደና በሩን በርግዶ፦

"ያንቺ ጆሮ ሊድን እኔ ልቀቀል እንዴ?" ብሎ ራቁቱን ሐይቁ ውስጥ ዘሎ ገባ። ጎረቤቶቻችን ጀልባ ላይ ነበሩ። እጃቸውን አወዛወዙለት።

ሴፕቴምበር ላይ ወደ አንዲት የመስማት ሕክምና ባለሙያ ላኩኝ። ፓይቪኪ ትባላለች፤ እርጋታዋ ደስ ይላል። አብሮሽ የሚኖር ሰው ይዘሽ ነይ ስለተባልኩ አባትሽም መጣ።

"መቼ ነው የሚቀልልዎት፣ ወይዘሮ ቴለርቮ?" አለችኝ።

"ሳውና ውስጥ፣ ውሃው ድንጋዩ ላይ ሲንቸሰቸስ።"

"እኔ ስቀቀል ማለቷ ነው" አለ አባትሽ።

ፓይቪኪ ስቃ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦ "እንግዲያው መልሱን ራስዎ አግኝተውታል። በጋውን ሙሉ ከድምፅ ሸሽተዋል፤ ጆሮ ሲራብ ደግሞ የራሱን ጩኸት አጥብቆ ይይዛል። ለእርስዎ ጸጥታ ዕረፍት አይሆንም።"

"ሙዚቃስ?" አልኳት። ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነብኝ። "ሄድፎንስ?"

"ማን ከለከለዎት? ብቻ ዝቅ አድርገው፣ ለአጭር ጊዜ ይስሙ። መስኮቱን ገርበብ ያድርጉና የውጭው ድምፅም ይግባ። ፉጨቱን ልሸፍነው ብለው ከፍ እንዳያደርጉ። አይታገሉት፤ ጎን ለጎን ይኑሩ።"

ከዚያ ሄድፎን አድርጋልኝ በማሽኗ ቀጭን ድምፅ እያወጣች እያወረደች "ይሄ ነው? ይሄስ?" ትለኝ ጀመር። ድንገት "እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ያ ጉድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጭንቅላቴ ውጭ ሆኖ ተሰማ። ሄድፎኑን ወስዳ ለአባትሽ ሰጠችው። ፈገግ እንዳለ አደረገው። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

"መቼ ነው የሚያቆመው?" አላት።

"አያቆምም።"

አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "ሌሊትም እንዲህ ነው?" አለኝ።

"ሌሊትም።"

"ሳወራሽም?"

"ስታወራኝም።"

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ነገር የምታካብጂ መስሎኝ ነበር" አለ። ከዚያ በዚያ ብርድ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ነፋሱና የመንገዱ ጫጫታ እየገባልኝ፣ አፍንጫው እስኪቀላ ድረስ ቤት አደረሰኝ። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። "ምድር ቤቱ እርጥበት አለው፤ እንጨቱ እንዳይበላሽ ብዬ ነው" አለ።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ቀን ቫዮሊኑና ፉጨቱ አንድ ላይ ሲሽቀዳደሙብኝ አውልቄ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት ጠርጌ የያዝኩትን መስታወት አንድ ሰው በምስማር የጫረብኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። ቀጥሎ ወፍራም ድምፅ ያለውን ሴሎ ሞከርኩ፤ እሱ ተሻለኝ። ከዚያ ፒያኖ። አንዳንዱ ቀን ጥሩ፣ አንዳንዱ ቀን ክፉ። ታዲያ አንድ ጠዋት ዜማው ሲያልቅ፣ ስለ ፉጨቱ አንዴም ሳላስብ እንደሰማሁት ገባኝ። ሄዷል አልልሽም፤ ይሄን ስጽፍልሽም አለ። አሁን ግን እንደ ነዝናዛ ጎረቤት ነው፤ እሰማዋለሁ እንጂ ወጥቼ አልጣላውም።

ያንቺን ቅጂ ግን መጨረሻ ላይ ነው ያቆየሁት። ፈርቼ ነው። በድምፅሽ መሀል ያ ቀጭን ሽቦ ሲያልፍ መስማት ፈራሁ። ፊትሽን በስልክ አያለሁ፣ ድምፅሽ ግን ሄድፎን ውስጥ ሲሆን እዚሁ አጠገቤ ነሽ። እሱም ከተበላሸብኝ ምን ይቀረኛል እያልኩ አዘገየሁት።

ባለፈው እሑድ አባትሽ እንቅልፍ ሲወስደው መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ቅጂሽን ከፈትኩት። ዝቅ አድርጌ። በቀጭኑ ድምፅ ከላይ የሚዘምሩት ሴቶች ሲገቡ ፉጨቱም አብሯቸው ገባ፤ ተውኩት። ከዚያ በወፍራሙ ድምፅ ከሥር ያላችሁት መጣችሁ፤ ከሁሉም መሀል አንቺን ለየሁሽ። በእናት ጆሮ መቼ ትጠፊያለሽ!

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያ ረጅሙ መስመር አለ አይደል? ትምህርት ቤት ሳለሽ መታጠቢያ ቤት ተቆልፈሽ ስትለማመጂው ባንድ ትንፋሽ ነበር የምትጨርሺው። አሁን ግን መሀሉ ላይ አየር ሳብሽ። ቀስ ብለሽ፣ ማንም እንዳያውቅብሽ። ትንሽ ቆየሽና ደገምሽው። እኔም መልሼ ሰማሁት። አሁንም መልሼ። ድምፁን ከፍ ማድረግ አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንቺ ሆዴ ውስጥ ሳለሽ እኔም በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር እዘምር ነበር። አምስተኛ ወሬ ላይ እንዲያ ያለው ረጅም መስመር እምቢ አለኝ፤ ከሥር ሆነሽ ቦታውን ወስደሽብኛላ። መሪያችን ገልመጥ ሲያደርገኝ፣ አጠገቤ የምትቆመው ሴት "ተዋት፣ ለሁለት እየተነፈሰች ነው" አለችው።

ምንም አልጠይቅሽም። ከሁለት ዓመት በፊት ገና ወርሽ ሳይገፋ ነግረሽን፣ አብረን ቦርቀን፣ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ አብረን ያለቀስነውን አልረሳሁም። እንዲያ የሆነ ሰው አፉን ቢቆልፍ አልፈርድበትም። የምትነግሪኝ ነገር ካለ በጊዜሽ ይሁን። ከሌለም "ጉንፋን ነበር እማዬ" በይኝና ጥፋቱን ጆሮዬ ላይ እጥላለሁ። ብቻ ደረጃ ስትወጪ አትሩጪ። ከባድ ዕቃ ዱንካን ይሸከም፤ ባልሽ ያን የሚያህል ትከሻ ይዞ ምን ሊሠራበት ነው?

ትንፋሽሽ አይጠርብሽ፤ ሌሊትሽ ይቅለል፤ ባለሽበት ሁሉ ደግ ሰው አጠገብሽ ይቁም። እግዚአብሔር ቤትሽን ከነሙላቱ ይጠብቅልሽ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ቴለርቮ

ይድረስ ለኢንኬሪ፦ እናትሽ የጻፈችውን አላነብልህም ብላ ይቺን ጥግ ብቻ ለቀቀችልኝ። ከእሑድ ጀምሮ ወጥ ቤት ውስጥ ታንጎራጉራለች። ምን ተገኘ ብላት "አየሩ ደስ ብሎኝ ነው" አለችኝ። በዚህ ጨለማ? ኖቬምበር እኮ ነው።

አባትሽ ኤንሲዮ